ደረቅ ምግብ፣ የሳንባ ገንፎ ወይስ ሁለቱም? ለአዲስ አበባ ውሻ የቀለብ አመራረጥ መመሪያ

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ በአራት ኪሎ በኩል እስከ ካዛንቺስ ባለው ክልል ውሻ የሚያሳድግ ቤተሰብ ለቀለብ ያለው አማራጭ በጥቅሉ አራት ነው፤ ከሱፐርማርኬት ወይም ከእንስሳት መድኃኒት መደብር የሚገዛ የታሸገ ደረቅ ምግብ፣ ያው ምግብ ከረጢቱ ተከፍቶ በኪሎ እየተመዘነ ሲሸጥ፣ ከሥጋ ቤት በሚመጣ ሳንባና አጥንት ቤት ውስጥ የሚበስል ገንፎ፣ በመጨረሻም የቤተሰቡ ትራፊ። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ «የፈረንጅ ምግብ ይሻላል ወይስ የቤት?» ተብሎ ይነሣል፤ ጥያቄው እንዲህ ሲቀርብ ግን ቁርጥ ያለ መልስ አይገኝለትም። መጠየቅ ያለበት የማዕድኑንና የቫይታሚኑን ሚዛን ማን ይጠብቃል የሚለው ነው። ፋብሪካው ከጠበቀው ባለቤቱ ገንዘብ ከፍሎ ሥራውን ገዝቷል፤ ፋብሪካው ካልጠበቀው ራሱ ሊጠብቀው ይገባል፤ ሁለቱም ካልጠበቁት ጉዳቱ በቡችላው አጥንትና በትልቁ ውሻ ቆዳ ላይ ይታያል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ደረቅ የውሻ ምግብ በመሠረቱ በእህልና በሥጋ ዱቄት የተሠራ፣ የበሰለና የደረቀ ሊጥ ነው። እህሉ በቆሎ፣ ስንዴ ወይም ሩዝ ይሆናል፤ ፕሮቲኑ በአብዛኛው የሚገኘው ከደረቀ የሥጋ ዱቄት ሲሆን፣ በዚህ ላይ ስብ፣ አሰር እንዲሆን የሚጨመር የስኳር ቀይ ሥር ጭማቂ ተረፈ ምርት፣ ጨው፣ እንዲሁም ፕሪሚክስ የሚባለው የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ይታከልበታል። ዶሮ ያረባ ሰው ፕሪሚክስን ያውቀዋል፤ በመጠን ከሁሉም ጥቂት ቢሆንም፣ እኔ እንደማምነው የታሸገ ምግብ የሚገዛበት ዋናው ምክንያት እርሱ ነው፤ ምክንያቱም በቆሎም ሳንባም ገበያ ላይ ይገኛሉ፣ ዚንክን፣ አዮዲንን፣ መዳብንና ቫይታሚን ዲን በትክክለኛ መጠን መዝኖ መጨመር ግን በወጥ ቤት የሚሆን ሥራ አይደለም።

የሥጋ ዱቄት የሚባለው የሚሠራው ሬንደሪንግ በተባለ ዘዴ ነው። ለሰው ገበያ ያልቀረበው የእርድ ክፍል በትልቅ ጋን ውስጥ ውኃው እስኪተን ድረስ ይበስላል፣ ስቡ ተጨምቆ ይለያል፣ የቀረው ደርቆ ይፈጫል። ብዙ ገዢ መለያው ላይ «ተረፈ ምርት» የሚለውን ሲያይ ይደነግጣል። ጨጓራና ጉበት በዱለት መልክ በክብር በሚቀርብበት አገር ይህ ድንጋጤ ብዙም አይገባኝም፤ ጉበት፣ ኩላሊትና ጣፊያ ከቀይ ሥጋ የበለጠ ቫይታሚንና ማዕድን ይይዛሉ። ሊያሳስብ የሚገባው የክፍሉ ስም ሳይሆን የጥራቱ መዋዠቅ ነው፤ አጥንት የበዛበት ዱቄት አመዱ፣ ማለትም ተቃጥሎ ቢታይ የሚቀረው ማዕድን፣ ከፍ ይላል፣ ፕሮቲኑም በውሻው አንጀት በቀላሉ አይፈጭም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እህሉና የሥጋ ዱቄቱ አብረው በደቃቁ ከተፈጩ በኋላ በእንፋሎትና በሙቅ ውኃ ይታሻሉ፤ ከዚያ ኤክስትሩደር ወደሚባለው ማሽን ይገባሉ። ማሽኑ እንደ ሥጋ መፍጫ በውስጡ ጠመዝማዛ ብረት ያለበት ወፍራም ቱቦ ሲሆን፣ ሊጡን በከፍተኛ ግፊት እየገፋ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት እጅግ ባጠረ ጊዜ ያበስለዋል። ሊጡ በቱቦው ጫፍ ባለው ቀዳዳ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ስለሚቀንስ፣ በውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ ሊጡን ይነፋዋል፤ የሚሽከረከር ቢላም እዚያው ይቆራርጠዋል። አንዱን ፍሬ ለሁለት ሰብሮ ያየ ሰው በውስጡ የሚያገኛቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይህ እንፋሎት የወጣባቸው ናቸው። ቀጥሎ ፍሬው በሙቅ አየር ደርቆ እርጥበቱ ወደ 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ይህ ድርቀት ሻጋታና ባክቴሪያ እንዳይራቡበት ይከላከልለታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስቡና ማጣፈጫው የሚረጭበት። ማጣፈጫው ብዙውን ጊዜ በኢንዛይም የተፈጨ ጉበት ነው። የደረቀው ፍሬ ለብቻው ውሻን ብዙም አይስበውም፤ ከረጢቱ ሲከፈት አፍንጫን የሚመታው ሽታ የሚመጣው ከዚህ የላይ ቅብ ነው። ስቡም ከላይ የተቀባ በመሆኑ አየር እንዳገኘው መበላሸት ይጀምራል፤ ይህን ነጥብ በኪሎ ስለሚሸጠው ምግብ ስናነሣ እንመለስበታለን።

ሙቀቱ የተወሰኑ ቫይታሚኖችን፣ በተለይ ቫይታሚን ኤን እና ታያሚን የተባለውን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ከመጀመሪያው አስበልጠው ይጨምራሉ፣ ወይም ከፊሉን ከሙቀቱ በኋላ ይረጫሉ። በዚህ ዘዴ የተሠራው የመጀመሪያው ታዋቂ ምግብ እ.ኤ.አ. በ1957 ፑሪና የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ያወጣው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ደረቅ የውሻ ምግብ፣ ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ በ1860ዎቹ ለንደን ውስጥ መሸጥ ከጀመረው አንሥቶ፣ በምድጃ የተጋገረ ብስኩት ነበር።

ከአሠራሩ የሚመነጭ አንድ ነገር ለገዢ በቀጥታ ይጠቅማል። ሊጡ እንዲነፋና ፍሬው እንዳይፈርስ ስታርች፣ ማለትም በእህልና በድንች ውስጥ ያለው ሲበስል የሚያጣብቅ ካርቦሃይድሬት፣ የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ «እህል አልባ» ተብሎ የሚሸጠው ውድ ደረቅ ምግብ ስታርች አልባ አይደለም፤ በበቆሎው ፈንታ አተር፣ ምስር ወይም ድንች ገብቶበታል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ ጥራጥሬ የበዛባቸው ምግቦች በውሾች ላይ ከሚከሰት የልብ ጡንቻ መላላት ጋር ይያያዙ እንደሆነ መመርመሩን አስታውቆ ነበር፤ ምክንያትና ውጤታቸው እስካሁን በቁርጥ አልተረጋገጠም። በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ውሻ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረመል ከተኩላ በብዙ እጥፍ ቅጂ እንዳለው አሳይቷል። በሰው ጓሮ ሺህ ዓመታት የኖረ እንስሳ የበሰለ እህል መብላት ይችላል ማለት ነው። በስንዴ ወይም በበቆሎ ቆዳው የሚቆጣ መሆኑ በሐኪም ካልተረጋገጠ በቀር ለእህል አልባው ተጨማሪ ብር መክፈል አያስፈልግም እላለሁ።

መለያውን ማንበብ

ሁለት ከረጢት በእጅ ይዞ ለማወዳደር ከፊት ያለውን የውሻ ሥዕል ትቶ ጀርባውን መገልበጥ ይገባል። መጀመሪያ የሚፈለገው ምግቡ «የተሟላ» ነው ወይስ «ማሟያ» የሚለው ነው። በአውሮፓ ምርቶች ላይ የመጀመሪያው «ኮምፕሊት»፣ ሁለተኛው «ኮምፕሊሜንተሪ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ ቃላት በመልክ ስለሚቀራረቡ በችኮላ የሚያይ ሰው ሊያምታታቸው ይችላል፤ ማሟያው ግን ለብቻው ቀለብ አይሆንም። በአሜሪካ ምርቶች ላይ ደግሞ አፍኮ (AAFCO) የተባለው የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር መመዘኛ ይጠቀሳል፤ በዚህ መመዘኛ የአዋቂ ውሻ ምግብ ከእርጥበቱ ውጪ ሲታሰብ ቢያንስ 18 በመቶ ፕሮቲንና 5.5 በመቶ ስብ፣ የቡችላ ምግብ ደግሞ ቢያንስ 22.5 በመቶ ፕሮቲንና 8.5 በመቶ ስብ ሊኖረው ይገባል።

ቀጥሎ የይዘት ዝርዝሩ ይታያል። ዝርዝሩ የሚደረደረው ከመብሰሉ በፊት ባለው ክብደት ስለሆነ፣ «ትኩስ የዶሮ ሥጋ» መጀመሪያ ላይ መጻፉ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ትኩስ ሥጋ 70 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፣ ያም ውኃ በማድረቂያው ውስጥ ተንኖ ይቀራል። ሁለተኛ የተጻፈ የደረቀ የዶሮ ዱቄት ከመጀመሪያው ትኩስ ሥጋ የበለጠ ፕሮቲን ሊያስገኝ ይችላል። ሌላው ዘዴ አንዱን እህል ከፋፍሎ መጻፍ ነው፤ «በቆሎ»፣ «የበቆሎ ግሉተን» (ከእህሉ የተለየው ፕሮቲን) እና «የበቆሎ ገለፈት» በሦስት ቦታ ሲጻፉ እያንዳንዳቸው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ ተደምረው ግን ከሥጋው ይበልጣሉ። «ከበሬ ሥጋ ጋር» የሚለው አጻጻፍ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 3 በመቶ፣ በአውሮፓ ቢያንስ 4 በመቶ የበሬ ሥጋ አለበት ማለት ብቻ ነው፤ «የበሬ ጣዕም ያለው» የሚለው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ቃል ኪዳን ነው።

ከዚያ አጭር ሒሳብ ይሠራል። አንድ ከረጢት ፕሮቲን 24፣ ስብ 12፣ አሰር 4፣ አመድ 7፣ እርጥበት 10 በመቶ ነው ይበል። ድምሩ 57 ነው፤ እስከ 100 የቀረው 43 በመቶ ካርቦሃይድሬት ነው፤ ይህን ቁጥር አምራቹ ብዙውን ጊዜ አይጽፈውም። ካሎሪውም ካልተጻፈ ፕሮቲኑንና ካርቦሃይድሬቱን በ3.5፣ ስቡን በ8.5 ማባዛት ነው፤ 84፣ 150 እና 102 ይመጣል፣ ድምሩም በ100 ግራም 336 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። 25 ኪሎ የሚመዝን፣ የተኮላሸና መጠነኛ እንቅስቃሴ ያለው አዋቂ ውሻ በቀን 1,250 ካሎሪ ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ከዚህ ምግብ በቀን 370 ግራም ይበቃዋል፤ 15 ኪሎው ከረጢትም 40 ቀን ያህል ያደርሳል ማለት ነው። ሌላው ከረጢት በዋጋ ትንሽ ከፍ ብሎ በ100 ግራም 400 ካሎሪ የሚሰጥ ከሆነ፣ በቀን የሚሰፈረው ስለሚያንስ በመጨረሻ እርሱ ሊረክስ ይችላል።

በፕሮቲኑ ቁጥር ላይ ብቻ መታመን እንደማይገባ የዓለም ገበያ አንድ ጊዜ በከባዱ ተምሯል። ላቦራቶሪ ፕሮቲንን የሚለካው በቀጥታ ሳይሆን ናይትሮጅኑን ለክቶ በ6.25 በማባዛት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን ናይትሮጅን በበዛበት ሜላሚን በተባለ ኬሚካል ተበርዞ ተገኝቶ፣ የብዙ ውሾችና ድመቶች ኩላሊት በመጎዳቱ በሰሜን አሜሪካ በርካታ የምግብ ዓይነቶች ከገበያ ተሰብስበዋል።

በኪሎ የሚመዘነው

ሙሉ ከረጢት ለመግዛት አቅም ያነሰው ሰው በኪሎ ቢገዛ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ከአራቱ አማራጮች ውስጥ ዋጋውንና ጥቅሙን ሳመዛዝነው ከሁሉ የምጠራጠረው ይህን ነው። ገዢው በፌስታል የተቋጠረ ቡናማ ፍሬ ሲቀበል የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንም፣ ለቡችላ ይሁን ለአዋቂ መሠራቱንም፣ ከረጢቱ መቼ እንደተከፈተም አያውቅም። ከላይ የተቀባው ስብ አየርና ብርሃን ባገኘው ቁጥር ይበላሻል፤ ከስቡ ጋርም ቫይታሚን ኢና ቫይታሚን ኤ ይጠፋሉ። በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ አየሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት ፍሬው ይስባል፤ እርጥበት ያገኘ እህል ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል። አንዳንድ የበቆሎ ሻጋታዎች የሚያመነጩት አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ሲሆን፣ በዓይን አይታይም፣ በማብሰልም በቀላሉ አይጠፋም።

መግዛት ግድ ከሆነ ከረጢቱ ዓይን እያየ ሲከፈት መግዛት፣ መለያውን በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ ፍሬውንም በእጅ ጨብጦ ማሽተት ይገባል። የቆየ የዘይት ሽታ ካለው፣ ወይም ፍሬው በጣት ሲጫኑት ከመሰበር ይልቅ የሚለጠጥ ከሆነ መተው ነው። በግምገማዬ የመካከለኛ ስም ትንሽ የታሸገ ከረጢት ከታዋቂ ስም ክፍት ኪሎ ይበልጣል።

ሳንባና ገንፎ

የአዲስ አበባ ውሻ የቆየ ቀለብ ሳንባ ነው። ከቄራ የወጣው ሳንባ በሥጋ ቤቱ በር ላይ ተሰቅሎ ለውሻና ለድመት ይሸጣል፤ ባለቤቱም ከበቆሎ ዱቄት፣ ከስንዴ ኪንኬ ወይም ከሩዝ ጋር ለውሻ በተለየው ድስት ይቀቅለዋል። ፕሮቲኑ ደህና ነው፤ ጥሬው ሳንባ 16 በመቶ ያህል ፕሮቲን አለው። ስቡ ግን በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ሳንባና ገንፎ ብቻ የሚበላ ትልቅ ውሻ ሆዱ ሞልቶ ጎኑ ሊከሳ ይችላል፤ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይህን ያስተካክላል።

ሳንባ ላይ ያለው ትልቁ አደጋ ሌላ ነው። ኢካይኖኮከስ የተባለ፣ በዘሩ ከኮሶ ትል ጋር የሚዛመድ፣ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ትል በውሻ አንጀት ይኖራል። እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣሩ ወደ በግና ወደ ከብት ይገባል፤ በእነርሱ ጉበትና ሳንባ ውስጥም ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። ውሻው ያንን ጥሬ ሳንባ ሲበላ ዑደቱ ይሞላል። ሰውም እንቁላሉን በእጁ ወይም ባልታጠበ አትክልት በኩል ከዋጠ በጉበቱ ወይም በሳንባው ተመሳሳይ ከረጢት ያድግበታል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ውሻው ምንም የሕመም ምልክት አያሳይም። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ ወይም በአረፋ ግቢ ውስጥ በግ ሲታረድ ሳንባውን ትኩሱን ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው፤ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም።

ስለዚህ ሳንባው ከመጣ በኋላ በመጀመሪያ ተቆርጦ ይታይ። ጤነኛው ሳንባ ለስላሳ፣ ፈዛዛ ሮዝና ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነው፤ ነጣ ያለ፣ ጠንከር ብሎ ያበጠ፣ ሲወጋ ጥርት ያለ ውኃ የሚፈነጥቅ እብጠት ከተገኘበት ሙሉው ይጣል፤ መጣል ማለት ግን የሰፈር ውሻ ወደሚያገኘው ቆሻሻ መጣያ መወርወር ሳይሆን ማቃጠል ወይም በጥልቅ መቅበር ነው። እብጠት ያልተገኘበት ሳንባ በትንንሹ ተቆርጦ ይቀቀላል። ሳንባ አየር ስለያዘ በድስቱ ላይ ይንሳፈፋል፣ የላይኛው ክፍልም ከውኃው ውጪ ይቀራል፤ ስለዚህ ክዳን መግጠምና ደጋግሞ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ሳንባና ጉበት ውስጥ ያለውን የትሉን እጭ ለመግደል 30 ደቂቃ መፍላት በቂ መሆኑ በጥናት ታይቷል፤ አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እኔ ከፈላ በኋላ 45 ደቂቃ ይሁን እላለሁ። ከዚህም በተጨማሪ ውሻው ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በሐኪም በተወሰነ ጊዜ ሊወስድ ይገባል።

ሁለተኛው ጉድለት ካልሲየም ነው። ሥጋና የሆድ ዕቃ ፎስፈረሳቸው ብዙ፣ ካልሲየማቸው ግን ኢምንት ነው፤ የውሻ ምግብ ግን ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ ጋር እኩል ሊሆን ይገባዋል። በሥጋና በገንፎ ብቻ ያደገ ቡችላ ሰውነቱ የጎደለውን ካልሲየም ከራሱ አጥንት ስለሚስብ እግሩ ይጎብጣል፣ በቀላል ዝላይም ይሰበራል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሥጋ አንሶታል» በማለት ሥጋ ይጨምራል፣ ነገሩም ይብስበታል። የተቀቀለ አጥንት መስጠት መፍትሔ አይደለም፤ የበሰለ አጥንት፣ ከሁሉ ይልቅ የዶሮ፣ ሲሰበር ሹል ስለሚሆን አንጀት ይወጋል። ርካሹ መፍትሔ የእንቁላል ቅርፊት ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሙቀጫ እንደ ዱቄት እስኪደቅ ድረስ ይወቀጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ለ25 ኪሎው አዋቂ ውሻ በቀን ሦስት አራተኛ ማንኪያ ይበቃዋል።

ይህም ሆኖ የቤቱ ገንፎ የተሟላ አይሆንም። በቆሎና ስንዴ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ዚንክን አንቆ ስለሚይዝ፣ ለረጅም ጊዜ በእህል ላይ የኖረ ውሻ በአፍንጫው ዙሪያና በመዳፉ ላይ ቆዳው ሊሰነጣጠቅና ሊቀረፍ ይችላል። ጉበት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ በትንሹ መጨመር መዳብና ቫይታሚን ኤ ያስገኛል፤ በየቀኑ በብዛት መስጠት ግን ቫይታሚን ኤው ተከማችቶ ይጎዳል። ጎመንና ካሮት ቀቅሎ መጨመር መልካም ነው። ለከብት የሚገዛ የኑግ ፋጉሎ ግን ለውሻ አይሁን፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ለአፍላቶክሲኑ ዋና ምንጭ ሆኖ ያገኘው የኑግ ፋጉሎን ነበር።

ለገንፎ አብሳዮች የጾም ወራት ሌላ ፈተና ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት አብዛኞቹ ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ሳንባ ከሰፈር ይጠፋል፤ ውሻውም ባዶ የበቆሎ ገንፎ ላይ ይወድቃል። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ስለሆኑ ከዚያ ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ያለዚያም የተቀቀለ እንቁላልና በደንብ የፈረሰ ክክ መቀላቀል ይቻላል። የታሸገ ምግብ ቢያንስ ለእነዚህ ሳምንታት ገዝቶ ማስቀመጥን የሚመርጡም አሉ፤ ብልህነት ነው።

ትራፊው

ስለ ትራፊ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ወጥ የሚጀምረው ከሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ መብሰላቸውም መርዛቸውን አያጠፋውም። በውሻ ላይ ጉዳት የታየው በኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሲበላ ነው፤ አሥር ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም ማለት ነው፣ ይህም ከአንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ብዙም አይበልጥም፤ ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ምልክቱ፣ ማለትም ድካም፣ የድድ መገርጣትና የሽንት መጥቆር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚመጣ ባለቤቱ ከወጡ ጋር አያያይዘውም። ሽሮም ሽንኩርት ስላለበት እንዲሁ ነው። ወጥ ያልነካው እንጀራ ወይም ዳቦ በጥቂቱ አይጎዳም፤ ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን ግን ጨርሶ አይሰጡ። የበዓል ማግስት ቅቤና ጮማም ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል።

ዋጋን ማወዳደር

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ በሚወሰን ምንዛሪ መመራት ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ምግብ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚህ ዋጋ መጻፍ ትርጉም የለውም፤ የማወዳደሪያው መንገድ ግን አይለወጥም። ኪሎን ከኪሎ ጋር ማወዳደር ያሳስታል፤ ገንፎ አብዛኛው ውኃ ነው። አንድ ሺህ ካሎሪ ለማግኘት ከላይ ካሰላነው ደረቅ ምግብ 300 ግራም ሲበቃ፣ ከሳንባ ገንፎ ከ700 ግራም እስከ 1 ኪሎ ያስፈልጋል። ስለዚህ የ300 ግራሙን ደረቅ ምግብ ዋጋ ከአንድ ኪሎ የበሰለ ገንፎ ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው፤ በገንፎው በኩል ሳንባውና ዱቄቱ ብቻ ሳይሆኑ ከሰሉ ወይም መብራቱ፣ ዘይቱና ድስት ላይ የሚቆመው ሰው ጊዜም ይታሰቡ። በዚህ ሒሳብም አብዛኛውን ጊዜ ገንፎው ርካሽ ሆኖ ይገኛል፤ ልዩነቱ ግን በኪሎ ሲታይ የሚመስለውን ያህል አይሰፋም።

ለየትኛው ውሻ የትኛው?

ለቡችላ፣ ከሁሉ ይልቅ እንደ ጀርመን ሸፐርድ ላለ ትልቅ ዝርያ ቡችላ፣ ያለ ማመንታት የታሸገና ለዕድገት የተሟላ ደረቅ ምግብ እመርጣለሁ። ገንዘብ አጥሮ ለአንድ ዓመት ብቻ የታሸገ ምግብ መግዛት የሚቻል ከሆነ ያ ዓመት የመጀመሪያው ይሁን። ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የካልሲየም ብዛትም እንደ ማነሱ አጥንትን ያበላሻል፣ በአፍኮ መመዘኛም ጣሪያው 1.8 በመቶ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ምግብ ላይ የእንቁላል ቅርፊትም ሆነ የካልሲየም ክኒን መጨመር አይገባም።

ግቢ ለሚጠብቅ ጤነኛ አዋቂ ውሻ፣ ሐበሻም ይሁን ድቅል፣ ግማሽ በግማሽ ማድረግ ለብዙ ቤተሰብ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ለ25 ኪሎው ውሻ ጠዋት 185 ግራም ደረቅ ምግብ፣ ማታ ግማሽ ኪሎ ገደማ የሳንባ ገንፎ። ፕሪሚክሱ ግማሹን ስለሚሸፍን የእንቁላል ቅርፊቱ መጠንም በግማሽ ይቀነስ እንጂ አይቅር። ሁለቱን በአንድ ሳህን መቀላቀልም አይከለከልም፤ የተረፈውን እርጥብ ምግብ ግን በሰዓታት ውስጥ ማንሣት ያስፈልጋል። ሙሉ በሙሉ በገንፎ የሚኖር አዋቂ ውሻም በመልካም ጤና ሊቆይ ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ካልሲየሙን፣ ዘይቱን፣ ጉበቱንና አዮዲን ያለውን ጨው በቁንጥጫ መከታተል የሚችል፣ ከእንስሳት መድኃኒት መደብርም ለውሻ የሚሆን የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት የሚያገኝ ሰው መሆን አለበት። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ የታመመ፣ ወይም ያረጀ ውሻ ከዚህ መመሪያ ውጪ ነው፤ ቀለቡን ሐኪም ይወስን። ደረቅ ፍሬ ጥርስ ያጸዳል ተብሎ ብቻ መመረጥም የለበትም፤ ተራው ፍሬ ገና ጥርሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስለሚሰበር ድድ አጠገብ ያለውን ቆሻሻ አይነካውም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ በ7 ወይም በ10 ቀን ውስጥ አሮጌውን እየቀነሱ አዲሱን እየጨመሩ መሄድ ይገባል፣ ያለዚያ ውሻውን ያስቀምጠዋል፤ ደረቅ ምግብ ለጀመረ ውሻም የሚጠጣው ውኃ ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር፣ ገንፎው ይሰጠው የነበረውን ውኃ አሁን ከሳህን ነው የሚያገኘው። ከረጢቱን ሲከፍቱ ቀኑን በእስክርብቶ ከላይ ይጻፉበት። ፍሬውን ወደ ፕላስቲክ ባልዲ ከመገልበጥ ይልቅ ከነከረጢቱ አፉን አጥብቆ ባልዲው ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ያኔ የባልዲው አሮጌ ቅባት አዲሱን አያበላሽም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑና የምርት ቁጥሩም አይጠፋም። በተከፈተ በስድስት ሳምንት ውስጥ ማለቅ ስላለበት፣ አንድ ትንሽ ውሻ ብቻ ያለው ቤት 15 ኪሎውን ትቶ የሁለት ወይም የሦስት ኪሎውን ይግዛ፤ በክረምት ደግሞ ትልቁም ውሻ ቢሆን ትንሹ ከረጢት ይመረጣል።